የሚንቀጠቀጥ ኮከብ በቀጭን ስንጥቅ፦ ከባሕር ዳር የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 12

የሥራው ዓላማ፦ ትንሽ ስፔክትሮግራፍ (ብርሃንን በቀለማቱ በትኖ የሚመዘግብ መሣሪያ) መሥራት፣ ከፊቱ የሚንቀጠቀጥ ብርሃንን የሚያረጋጋ መስታወት ማስቀመጥ፣ ከዚያም መስታወቱ ሲሠራና ሳይሠራ ያለውን ልዩነት በቁጥር መለካት። ቴሌስኮፑ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዘ ተራ መሣሪያ ነው፤ ከነመቆሚያው ከወዳጅ የተዋስኩት። የቀረው ከገበያ፣ ከብየዳ ቤትና ከአሮጌ ዕቃ መሳቢያዬ ይወጣል።

ነገሩን ያስጀመረኝ አንድ ስሌት ነው። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ በቺሌ፣ በአርማዞኔስ ተራራ ላይ የሚገነባው ቴሌስኮፕ ዋና መስታወቱ 39 ሜትር ስፋት አለው፤ ከ798 ቁራጮች የሚገጣጠም ነው። መስታወት ሲተልቅ ምስሉም በዚያው ልክ ይጠራል የሚለው ሐሳብ ልክ የሚሆነው አየር ባይኖር ነበር። ከባቢ አየሩ የኮከቡን ምስል አንድ አርክሴኮንድ ያህል ያሰፋዋል፤ ይኸውም አንድ ዲግሪ ለ3,600 ሲካፈል ማለት ነው። መስታወቱ 39 ሜትር ቢሆንም 1 ሜትር ቢሆንም ለአየሩ ግድ አይሰጠውም።

ለስፔክትሮግራፍ ሠሪ ጣጣው የሚመጣው ይህን የብዥታ ማዕዘን በራዲያን ለክቶ በመስታወቱ ስፋት ሲያባዛው ነው። ለ39 ሜትር ብዜቱ ወደ 190 ማይክሮን ይደርሳል (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺሕኛ ነው)። አየር ባይኖር ኖሮ ይኸው ብዜት ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ጋር የተቀራረበ ይሆን ነበር፤ ለ2.2 ማይክሮን ኢንፍራሬድ (ሞገዱ ከቀይ የረዘመ፣ ዓይን የማያየው) ብርሃን 2.2 ማይክሮን። ልዩነቱ ከ80 እጥፍ በላይ ነው። ሌንስ ብንቀያይርም ብዜቱ ንቅንቅ አይልም፤ ምስሉን ብናሳንሰው ጨረሩ ይበልጥ ይበተናል፣ ጨረሩን ብናጠበው ምስሉ ይሰፋል። የስፔክትሮግራፉን ስፋት የሚወስነውም እሱ ነው። እኩል የጠራ ስፔክትረም ለማግኘት ቴሌስኮፑ ባደገ ቁጥር ግሬቲንጉ (በጥቃቅን መስመሮቹ ብርሃኑን በቀለማቱ የሚበትነው)፣ ሌንሱና ማቀዝቀዣ ጋኑ አብረው ማደግ አለባቸው። አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ፣ ማለትም የአየሩን መዛባት በየቅጽበቱ በመስታወት የሚያርመው ዘዴ፣ ምስሉን አየር ባይኖር ወደሚደርስበት ጥበት ሲያጠበው ግን የመስታወቱ ስፋት ከስሌቱ ይወጣል፤ ለ8 ሜትር ቴሌስኮፕ የሚበቃ ስፔክትሮግራፍ ለ39 ሜትርም ይበቃል።

አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ብዙ ጊዜ የሚወራለት ስለሚያምሩ ፎቶግራፎች ነው። ለእኔ ትልቁ ሥራው ስፔክትሮግራፉን ከቤት ስፋት ማዳኑ ነው።

ኅዳር 19

ብርሃኑ ወደ ስፔክትሮግራፉ የሚገባበት ስንጥቅ ተሠራ። ሁለት አዲስ ምላጭ፣ ስለታቸው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ በትንሽ ላሜራ ላይ በቡሎን ተይዘዋል። አንደኛው ቋሚ ነው፤ ሌላው በሞላ እየተገፋ ይጠብባል፣ ይሰፋል።

ክፍተቱን በማስመሪያ መለካት ዘበት ነው። የሚለካው በብርሃን ነው፦ የ650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር በስንጥቁ አልፎ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ መሐል ላይ ደማቅ፣ ግራና ቀኝ እየደበዘዙ የሚሄዱ ነጠብጣቦች ይሠራል። ግድግዳው 3 ሜትር ርቆ የመጀመሪያው ጨለማ ከመሐሉ 39 ሚሊ ሜትር ላይ ከወደቀ ስንጥቁ 50 ማይክሮን ነው። ስንጥቁ ሲጠብ በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ይሰፋል። የእህቴ ልጅ ይህን ስታይ ቡሎኑን ከእጄ ወስዳ ደጋግማ አጠበበችው፣ አሰፋችው። «እትዬ፣ ስታጠቢው ለምን ይሰፋል?» አለችኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ መልሱ በመጽሐፏ ውስጥ አለ፣ ግን ግድግዳ ላይ አይታው አታውቅም።

ምላጮቹ ጥቃቅን አቧራ ይይዛሉ። አንድ ብናኝ በስንጥቁ ላይ ካረፈ በስፔክትረሙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስመር ይሆናል። በአልኮል የተነከረ ጥጥ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መጥረግ።

ኅዳር 27

ግሬቲንግ። ፋብሪካ የሠራው ጥሩ ግሬቲንግ ከውጭ ማስመጣት የሚያስከፍለውን ስለማውቅ ወደ ዲቪዲ ሄድኩ። የዲቪዲ ቦይ ከቀጣዩ የሚርቀው 0.74 ማይክሮን ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር 1,350 ገደማ መስመር ማለት ነው። ሲዲ 1.6 ማይክሮን ስለሆነ ለዚህ ሥራ የላላ ነው። ባዶ የሚቀዳበት ዲቪዲ ከሁለት ስስ ፕላስቲክ የተጣበቀ ነው፤ በጠርዙ በምላጭ ከፍቶ ቀስ ብሎ መላጥ፣ የሚያብረቀርቀውን ሽፋን በፕላስተር ማንሳት፣ ቀለሙን በአልኮል ማጠብ። ብርሃን የሚያሳልፍ ግሬቲንግ ይቀራል።

ቦዮቹ ክብ መሆናቸው ችግር ነው፤ የስፔክትረሙ መስመሮች ቅስት ይሠራሉ። መፍትሔው ከዳርኛው ጠርዝ፣ ቅስቱ እምብዛም ከማይታይበት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቁራጭ መቁረጥና የቀረውን በጥቁር ወረቀት መሸፈን ነው።

ሳጥኑ ከኮምፔንሳቶ ነው፤ ውስጡ በጥቁር ከፋይ ተለብጧል። ጥቁር ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ ብርሃን በሰያፍ ሲመታው ያብለጨልጫል። የልብስ ሰፊዋ ቁርጥራጭ ከየትኛውም ቀለም ይሻላል። ከስንጥቁ በኋላ 100 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ፣ ግሬቲንጉ፣ ሌላ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከዚያ ካሜራው።

ታኅሣሥ 4

የጨው ሙከራ። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አልኮል በትንሽ የሻይ ማንኪያ፣ በላዩ ቁንጥር የወጥ ጨው። ነበልባሉ ወዲያው ብርቱካናማ ቢጫ ሆነ። ጎረቤታችን አልኮል ገንዘብ ማባከን ነው፣ ዳግም አረቄ አይሻልሽም ብለው መከሩኝ። ተሞከረ፤ በደንብ ካልሞቀ አይቀጣጠልም፣ ነበልባሉም ይወላገዳል።

ሶዲየም የሚሰጠው ቢጫ ብርሃን አንድ መስመር አይደለም፤ 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር ላይ የተቀመጡ ሁለት ናቸው። በ100 ማይክሮን ስንጥቅ አንድ ወፍራም መስመር ብቻ ታየኝ። ወደ 50 ማይክሮን ሳጠበው መሐሉ ላይ ጥቁር ክፍተት ወጣና ሁለት ሆኑ፤ በካሜራው ላይ ከ40 ፒክስል በላይ ተራርቀው። ስሌቱም የሚለው ይህንኑ ነው፦ በዚህ ሌንስና በዚህ ግሬቲንግ 50 ማይክሮን ስንጥቅ 0.37 ናኖሜትር ይለያል፣ 100 ማይክሮን ደግሞ 0.74፤ የሁለቱ መስመሮች ርቀት በመካከል ይወድቃል። ሌንሱም ግሬቲንጉም አልተለወጠም፤ የጠበበው የብርሃኑ መግቢያ ብቻ ነው።

ታዲያ ስንጥቁን ማጥበብ ብቻ ለምን አይበቃም? ኮከቡ ከስንጥቁ ከሰፋ የሚቆረጠው ብርሃን ይጠፋል። 39 ሜትር መስታወት ሠርቶ ብርሃኑን በምላጭ ጠርዝ ላይ ማፍሰስ የጤና አይደለም።

ይህ የጨው ብርሃን ከትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ጋር ሌላም ዝምድና አለው። ከምድር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተወርዋሪ ኮከቦች ተቃጥለው የተዉት ስስ የሶዲየም ንብርብር አለ። በቺሌ ፓራናል የሚገኘው ባለ 8.2 ሜትር ቴሌስኮፕ እያንዳንዳቸው 22 ዋት የሆኑ አራት ሌዘሮችን፣ ልክ በ589 ናኖሜትር፣ ወደዚያ ንብርብር ይልካል። ሶዲየሙ ያበራል፤ ሰው ሠራሽ ኮከብ ይሆናል። የአየሩን መዛባት የሚለኩት በእሱ ነው፣ ምክንያቱም ሊያጠኑት ከሚፈልጉት ጋላክሲ አጠገብ ደማቅ ኮከብ በየጊዜው አይገኝም።

ታኅሣሥ 15

ወደ መስታወቱ። የሙሉ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ሥርዓት ሦስት ነገር አለው፦ የሞገዱን መዛባት የሚለካ፣ የሚያሰላ፣ ቅርጹን የሚለዋውጥ መስታወት። ሐሳቡን ሆራስ ባብኮክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 አቅርቦት ነበር፤ ሊሠራ የቻለው ግን ኮምፒውተር ከደረሰበት በኋላ ነው። የአርማዞኔሱ ቴሌስኮፕ አራተኛ መስታወት 2.4 ሜትር ስፋት፣ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ውፍረት አለው፤ ከ5,000 በላይ ገፊዎች ከጀርባው ሆነው በሰከንድ እስከ 1,000 ጊዜ ቅርጹን ያስተካክሉታል።

እኔ የምሠራው ከዚህ ሁሉ ቀላሉን ብቻ ነው፦ ምስሉ ወዲያና ወዲህ ሲል መልሶ የሚያዘነብል ጠፍጣፋ መስታወት። ቀላል ይሁን እንጂ ትንሽ አይደለም። አየሩ በሞገዱ ላይ ከሚያመጣው መዛባት፣ በኮልሞጎሮቭ የመናወጥ ሕግ ሲሰላ፣ 87 በመቶ የሚሆነው ይኸው ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች መዘንበል ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ለሚያህል ቴሌስኮፕ ማዘንበልን ብቻ ማረም አብዛኛውን ጥቅም ያስገኛል። ለ39 ሜትር ግን የቀረው 13 በመቶ ራሱ ምስሉን ድራሹን ለማጥፋት ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ስስ መስታወት በላሜራ ላይ ተጣብቃለች። ላሜራው በአንድ ጥግ ከአሮጌ ኩሽኔታ በወጣ የብረት ድቡልቡል ላይ ተደግፏል፤ በሌሎቹ ሁለት ጥጎች ከሬዲዮ የወጡ ሁለት ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎች በቀጭን ዘንግ ይገፉታል፤ ከኋላ ሞላ ይስበዋል። የድምፅ ማጉያ ሽፋን ከምንፈልገው በላይ ይንቀሳቀሳል፤ እዚህ የሚያስፈልገው ከ20 ማይክሮን ያነሰ ነው።

ላሜራውን የቆረጡልኝ የብየዳ ቤቱ ጋሼ ሲጨርሱ አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ይህ የሚንቀጠቀጥ መስታወት ምን ሊያሳይሽ ነው?»

«ጋሼ፣ እሱ ከተንቀጠቀጠልኝ ኮከቡ አይንቀጠቀጥም።»

«መስታወቱን አንቀጥቅጦ ኮከብ ማርጋት!» ብለው ሳቁ፤ ግን ዘንጎቹ የሚነኩበትን ቦታ ሳልጠይቃቸው በሞረድ አለሰለሱልኝ። ያ ማለስለስ በኋላ ብዙ ጠቅሞኛል፤ ሻካራ ቢሆን መስታወቱ እየተያዘ በድንገት ይዘል ነበር።

ታኅሣሥ 26

የማስተካከያው ዑደት። ከስንጥቁ በፊት 0.17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይክሮስኮፕ መሸፈኛ መስታወት በ45 ዲግሪ ቆሟል። ከብርሃኑ 10 በመቶ ገደማ ወደ ሁለተኛ ካሜራ ያንጸባርቃል፣ የቀረውን ያሳልፋል። ከፊትና ከኋላ ፊቱ ስለሚያንጸባርቅ ካሜራው ሁለት የተጠጋጉ ነጥቦች ያያል፤ አብረው ስለሚሄዱ አማካያቸውን መያዝ በቂ ነው። ወፍራም የመስኮት መስታወት እዚህ አይሆንም፤ የሚያልፈውን ምስል ያንጋድዳል።

ኮምፒውተሩ ነጥቡ ከመሐል ምን ያህል እንደራቀ ያሰላል፣ የዚያን ክፍልፋይ ለድምፅ ማጉያዎቹ ይልካል። ክፍልፋዩ 0.3 ሲሆን ነገሩ ሰላም ነው። ከ0.6 በላይ ሲሆን መስታወቱ በራሱ ጊዜ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይወዛወዝ ጀመር። ምክንያቱ መዘግየት ነው። ካሜራው በሰከንድ 90 ምስል ያነሳል፤ ምስሉ ተነሥቶ፣ ተልኮ፣ ተሰልቶ፣ መስታወቱ እስኪንቀሳቀስ ሦስት ምስል ያህል ጊዜ ያልፋል። እርማቱ ሲደርስ ኮከቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ዑደቱ የራሱን ጥላ ያሳድዳል። በወረቀት ስሠራውም ለሦስት ምስል መዘግየት ድንበሩ 0.62፣ ውዝዋዜውም ዘጠኝ ሄርዝ ወጣ። ስሌትና ብረት እንዲህ ሲስማሙ ደስ ይላል።

በ90 ምስል የሚታረመው ከአራት ሄርዝ በታች ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራው ሙሉ ምስል መላኩን ትቶ ነጥቡ ያለባትን ትንሽ መስኮት ብቻ እንዲያነብ አደረግሁት፤ በሰከንድ 300 ደረሰ። አሁን እስከ አሥራ ሁለት ሄርዝ ገደማ ይታረማል። ትልልቆቹ በሰከንድ ከ500 እስከ 1,000 የሚሠሩበት ምክንያት ገባኝ።

ለሙከራ የአየር መናወጥ ያስፈለገኝ ጊዜ የከሰል ምድጃ ከሌዘሩ መንገድ በታች አኖርኩ። ቡናው ተፈላበት፣ ሌዘሩም ተንቀጠቀጠበት። ነጥቡ በዑደቱ ሲያዝ መንቀጥቀጡ ከሩብ በታች ወረደ፤ የቀረው ፈጣኑ ነው። በመሐል መብራት ሄደና ኮምፒውተሩ አብሮ ሄደ። ከዚህ በኋላ ሥርዓቱ ሁሉ በመኪና ባትሪ ነው የሚሠራው።

ጥር 6

መቆሚያው ለዚህ አገር አልተሠራም። ኮከብ የሚከተል መቆሚያ አንዱ ምሶሶው ወደ ሰማይ ዋልታ መዞር አለበት፤ የዋልታው ከፍታ ደግሞ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። የመቆሚያው መዘንበያ ግን 20 ዲግሪ ላይ ያበቃል። ጋሼ ከወፍራም ላሜራ ሰያፍ ወንበር ሠሩለት፤ አሁን ይደርሳል።

የሰሜን ኮከብ ከከተማዋ ሲታይ በቀጥታ ከጣና በላይ ነው፣ ያውም ዝቅ ብሎ። የሐይቁ ጭጋግ ካለ አይታይም። እስከ ጠዋት ጤዛው ቴሌስኮፑን ያረጥባል፤ ጤዛን ለማስወገድ የሚሞቅ ሽቦ መጠቅለል ይቻላል፣ ግን ሽቦው ራሱ ከመስታወቱ ፊት አየር ያናውጣል። ስለዚህ ረጅም የካርቶን ኮፍያ። ሥራው የሚካሄደው ሽምብጥ ካለው ቤታችን ጣሪያ አጠገብ በተሠራ መደብ ላይ ነው።

የጥምቀት ሰሞን ከተማው መብራት በመብራት ስለሚሆን ዕረፍት።

ጥር 18

የፀሐይ ቀን። ይህን ያስገባሁት ጣናን ያለ ጥቅም ማለፍ ስላልሆነልኝ ነው። ፀሐይን የሚያጠኑ ሰዎች ቴሌስኮፕ ሐይቅ ውስጥ የሚተክሉበት ምክንያት አላቸው። በካሊፎርኒያ የቢግ ቤር የፀሐይ ኦብዘርቫቶሪ፣ በሕንድ ደግሞ የኡዳይፑሩ፣ ውኃ ላይ የቆሙ ናቸው። ፀሐይ መሬትን ስታሞቅ መሬቱ ከላዩ ያለውን አየር ያፈላዋል፤ ውኃ ግን ቶሎ አይሞቅም፣ አየሩም ይረጋል። ቢግ ቤር 1.6 ሜትር ቴሌስኮፕና የራሱ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ አለው።

ከፊት የፀሐይ ማጣሪያ በጥብቅ ታስሮ (ያለ እሱ ዓይንም ካሜራም አይተርፍም)፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከቤቱ መደብ የፀሐይን ጠርዝ ቀዳሁ። ጠርዙ ይፈላል፤ ዙሪያው ሁሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሐይቁ ዳር፣ ንፋስ ከውኃው ሲመጣ። የጠርዙ መወዛወዝ በግማሽ ያህል ቀንሶ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ንፋሱ ሲበረታ ግን መቆሚያው ራሱ እየተንቀጠቀጠ ልዩነቱን በላው። የባሕር ዳር ዳርቻ ከቢግ ቤር ጋር አይወዳደርም፦ እዚያ ዙሪያውን ውኃ ነው፣ እኛ ዘንድ በእነዚህ ወራት ቀትር ላይ ፀሐይዋ በደቡብ፣ በከተማው በኩል ናት። ቢሆንም አገራችን በእንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተክላለች፤ ለፀሐይ የሚሆን ቦታ የሚፈለግ ቀን ይህ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሰፊ ውኃ ሊረሳ አይገባም ባይ ነኝ።

ጥር 29

ካፔላ የተባለችው ደማቅ ኮከብ። በሰሜን፣ ከሐይቁ በላይ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ከፍ ብላ ትታያለች። ስፔክትረሟ ከፀሐይ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ የሶዲየም ሁለት መስመሮች አሏት፤ በነበልባሉ ላይ ብሩህ የነበሩት እዚህ ጥቁር ሆነው። ቴሌስኮፑ በተጨማሪ ሌንስ የትኩረት ርቀቱ 1.5 ሜትር ሆኗል፤ አንድ አርክሴኮንድ በስንጥቁ ላይ 7.3 ማይክሮን ያህላል።

መጀመሪያ ስንጥቁን ጨርሼ ከፈትኩት። ይህ የሙከራው እምብርት ነው። ስንጥቅ ከሌለ የስፔክትረሙን ጥራት የሚወስነው የኮከቡ ምስል ስፋት ብቻ ነው። 30 ሰከንድ መጋለጥ (ካሜራው ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ)፣ ዑደቱ ጠፍቶ፦ ሁለቱ መስመሮች የሉም፤ በቦታቸው አንድ ግራጫ ዝቅታ። 30 ሰከንድ መጋለጥ፣ ዑደቱ በርቶ፦ ሁለት መስመሮች፣ ተለያይተው፣ የቀኙ ትንሽ ሳሳ ብሎ። እህቴን ከመኝታዋ ጠርቼ አሳየኋት። «ሁለት መስመር ለማየት ነው የቀሰቀስሽኝ?» አለችና ተመልሳ ተኛች።

መዝገቡን ስመረምር ግን ከታረመው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የአየሩ አልነበረም። የመቆሚያው ጥርስ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ነፋስም ቱቦውን ይነካል፤ ሁለቱ ተደምረው ኮከቡን በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ15 አርክሴኮንድ በላይ ይወስዱታል። አየሩ ከዚያ ላይ አንድ አርክሴኮንድ ያህል ይጨምራል። ለመስታወቱ ማን እንዳንቀጠቀጠው ልዩነት የለውም፤ ለእኔ ግን አለው፤ ቀጣዩ ወጪ ለካሜራ ሳይሆን ለመቆሚያው መሆኑን ነግሮኛል። የ39 ሜትሩ ቴሌስኮፕም ነፋስ የሚያወዛውዘው ብረት ነው፤ አምስተኛ መስታወቱ የተመደበው እንዲህ ያለውን የምስል መወዛወዝ ለማርጋት ነው።

የካቲት 9

ሲሪየስ፣ በደቡብ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ። ስንጥቁ አሁን ወደ 20 ማይክሮን ጠብቧል፤ በሰማይ ላይ 2.7 አርክሴኮንድ ገደማ። ኮከቡን በእጅ መሐል እያደረግሁ፣ በአጫጭር መጋለጥ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ነው የለካሁት፣ የመቆሚያው ነገር እንዳይገባበት። ዑደቱ ሲጠፋ በስንጥቁ የሚያልፈው ብርሃን ከግማሽ በታች ነው፤ ሲበራ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። ስፔክትረሙ ላይ የሃይድሮጅን መስመሮች ወለል ብለው ይታያሉ፤ 656.3፣ 486.1፣ ከዚያ 434 ላይ።

የሰዓቱ ልዩነት ከጠበቅሁት በላይ ነው። ማታ ቆርቆሮው ሙቀቱን ሲለቅ ዑደቱ ይታገላል፤ ወደ አምስት ሰዓት ሲቃረብ ይረጋጋል። ካፔላ በነበረችበት በሐይቁ በኩል ግን ከምሽቱም ጀምሮ መወዛወዙ ዘገም ያለ ነበር፤ ዘገምተኛው ደግሞ ለእኔ ዑደት ይመቻል።

ብርሃን ማትረፍና ምስል ማጥበብ ምን እንደሚያስገኝ ከፓራናል የተሻለ ምስክር የለም። ሲንፎኒ የሚባለው ስፔክትሮግራፍ በአዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ታግዞ በጋላክሲያችን መሐል ያለውን ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ የምትዞረውን ኤስ2 የተባለች ኮከብ ሲከታተል ነበር። በ2018 በአውሮፓውያን ግንቦት ወር ኮከቧ ወደ ጉድጓዱ ስትቀርብ ፍጥነቷ በሰከንድ ከ7,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ከብርሃኗ ላይም የአንስታይን ቲዎሪ የሚጠብቀው ወደ ቀይ መሳብ (የሞገዱ መርዘም) ተለካ። ያ ሰፈር በከዋክብት የታጨቀ ነው፤ ምስሉ በአንድ አርክሴኮንድ ቢደበዝዝ የእሷ ስፔክትረም ከጎረቤቶቿ ተቀላቅሎ ማንነቱ አይለይም ነበር። ራይንሃርት ጌንዝልና አንድሪያ ጌዝ የ2020ን የፊዚክስ ኖቤል ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር የተካፈሉት ለዓመታት ያንን ሰፈር በመከታተላቸው ነው።

የካቲት 21

ለምን ኢንፍራሬድ እንደሚመረጥ የእህቴ ልጅ ጠየቀችኝ፤ በቁጥር መለስኩላት። አየሩን ሞገዱ ሳይዛባ የሚቆይባቸው ትንንሽ ቁራጮች አድርገን እንየው። በሚታይ ብርሃን፣ በጥሩ ቦታ፣ የአንዱ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 39 ሜትር መስታወት ላይ ከ60,000 በላይ እንዲህ ያሉ ቁራጮች ያርፋሉ፤ ለያንዳንዱ ገፊ ያስፈልጋል ማለት ነው። በ2.2 ማይክሮን ግን የቁራጩ ስፋት ስድስት እጥፍ ገደማ ያድጋል፣ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር፤ ቁጥሩ ወደ 2,000 ይወርዳል። ከ5,000 በላይ ገፊዎች ለዚህ ይበቃሉ፤ ለሚታየው አይበቁም። ለዚያ ቴሌስኮፕ የሚሠራው ሜቲስ የተባለው መሣሪያ ከዚህም ረዘም ባሉ ሞገዶች 100,000 የሚደርስ የመለየት አቅም (የሞገዱ ርዝመት ሊለይ ለሚችለው ትንሹ ልዩነት ሲካፈል) እንዲኖረው ታስቧል፤ ምስሉ ባይጠብብ ኖሮ እንዲህ ያለ ስፔክትሮግራፍ በቴሌስኮፑ መድረክ ላይ ቦታ አይበቃውም።

የእኔ ካሜራ ግን ከሚታየው ብርሃን እምብዛም አያልፍም። ኢንፍራሬድ ካሜራ ለግለሰብ ኪስ አይደለም።

መጋቢት 2

ደብዛዛ ኮከቦች። በሰከንድ 300 ምስል ሲነሳ፣ ከብርሃኑም አሥረኛው ብቻ ወደ ካሜራው ሲሄድ፣ ከሦስተኛ የድምቀት ደረጃ (ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል) በታች የደበዘዘ ኮከብ ከካሜራው ጫጫታ አይለይም፤ ዑደቱ ኮከቡን ትቶ ጫጫታውን መከተል ይጀምራል። ወደ 60 ምስል ሳወርደው አራተኛ ደረጃ ይያዛል፣ ግን ነፋሱ ይገባል።

ሌዘር ኮከብ ቢኖረኝ እንኳ አይረዳኝም። ሌዘሩ ሲወጣም ሲመለስም በዚያው አየር ስለሚያልፍ አየሩ ምን ያህል እንዳዘነበለው አይናገርም፤ ማዘንበልን ለመለካት ትልልቆቹም ቢሆኑ የተፈጥሮ ኮከብ ይፈልጋሉ። የእኔ ሳጥን የሚያርመው ደግሞ ያንኑ ማዘንበል ብቻ ነው።

ሰማዩ እየጨፈገገ ነው፤ ገበሬው እርሻውን ሲያጸዳ የሚያቃጥለው ጭስ በየምሽቱ ይወጣል። እስከ ክረምት ያለውን ጊዜ ለመቆሚያው ጥርስና ለካሜራው ምርጫ እሰጠዋለሁ። መሸፈኛ መስታወቱን ትቶ ከስንጥቁ ጠርዝ ላይ የሚመለሰውን ብርሃን መጠቀምም ይቻላል፤ ምላጮቹ በትንሹ ቢዘነበሉ የሚባክነው ብርሃን ራሱ መሪ ይሆናል፣ አሥረኛውም ለስፔክትረሙ ይመለሳል። ጋሼ ምላጭ መያዣውን በ15 ዲግሪ አዘንብለው እንዲቆርጡልኝ ሥዕሉን ዛሬ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ና ብለው የቀጠሩት የሌላ ሰው በር ስላለ፣ የእኔ ማክሰኞ ይደርሳል ብለዋል።